የሮክ ክራውለር ጎማ፦ መጀመሪያ አዙሩት፣ ከዚያ ከተር አንሱ

በሪሞት የሚነዳ ሮክ ክራውለር፣ ማለትም ድንጋይ ለድንጋይ የምትወጣ ትንሽ መኪና፣ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ይደርሳል። መኪናዋ ድንጋዩ ሥር ትቀርባለች። የፊት ጎማዋ ጠርዙን ይነካል፣ ይዞራል፣ ይንሸራተታል። ሞተሩ ጉልበት አላነሰውም። ባትሪውም ሙሉ ነው። ጎማው ብቻ አልያዘም። ያን ጊዜ እጅ ወደ ከተር ይሄዳል።

ከተሩን ለጊዜው አስቀምጡት። መጀመሪያ የጎማውን አቅጣጫ እንይ። ጎማ ማዞር ምንም አያስወጣም፤ ካልተመቸ በአምስት ደቂቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የተቆረጠ ጥርስ ግን ተመልሶ አይበቅልም። እኔ በመቁረጥ ጀምሬ አራት ደህና ጎማ አበላሽቻለሁ። ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ነው ቅደም ተከተሉን እንዲህ በዝርዝር የምጽፈው።

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ትንሽ ነዳ ሲደረግ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል፤ ወደ ተራራው ከፍ ሲባል ደግሞ ግራናይት። ሁለቱ ጎማን የሚፈትኑት በተለያየ መንገድ ነው። የአሸዋ ድንጋዩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ስለሆነ፣ ደረቅ ከሆነ ደህና ጎማ ሁሉ ይይዝበታል። ግራናይቱ ግን ብዙ ቦታ ልሙጥ ነው፤ ላዩ ላይ ትንሽ ጠጠር ከተበተነበት ደግሞ ይብሳል። እዚህ የምለው ሁሉ ከነዚህ ሁለት ድንጋዮች የተማርኩት ነው። መኪኖቹ የ1/10 ናቸው፣ ማለትም የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ መጠን፤ እንደ አክሲያል ኤስሲኤክስ10 እና እ.ኤ.አ. በ2017 እንደወጣው ትራክሳስ ቲአርኤክስ-4 ያሉት። ቸርኬያቸው 1.9 ኢንች፣ ማለትም 48 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 2.2 ኢንቹም ላይ ነገሩ ያው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስጠንቅቅ። ይህ ሁሉ ለሪሞት መኪና ብቻ ነው። አስፋልት ላይ የምትነዱትን መኪና ጎማ በከተር አትንኩ።

ጎማችሁ አቅጣጫ አለው ወይ?

የትራክተር የኋላ ጎማ አስታውሱ። ጥርሶቹ ከሁለት ጎን መጥተው መሃል ላይ እንደ ቀስት ጫፍ ይገጥማሉ። ብዙ የክራውለር ጎማም እንደዚያ ነው፤ ጫፍ አለው፣ ወደ ትከሻው፣ ማለትም ወደ ጎማው ዳር፣ የሚዘረጉ ሁለት ክንፎችም አሉት። ጎማችሁን ከላይ ስታዩት ቀስት ከሌለው፣ ብታዞሩትም ያው ከሆነ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷችኋል፦ የእያንዳንዱን ጥርስ ግድግዳ ከጎን እዩ። አንዳንድ ጥርስ በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በሌላ በኩል ተዳፋት ወይም ደረጃ ያለው ነው። እንዲህ ያለው ጎማም አቅጣጫ አለው። የሚነክሰው የቆመው ግድግዳ ነው፤ ተዳፋቱ ከኋላ ደግፎ ጥርሱ እንዳይታጠፍ ይይዘዋል። ስለዚህ የቆመው ግድግዳ ጎማው በሚዞርበት አቅጣጫ ፊት ለፊት መሆን አለበት።

አሁን መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ከኋላዋ ቁሙ። የጎማውን አናት ከላይ ተመልከቱ። የቀስቱ ጫፍ ወደ መኪናዋ አፍንጫ ካመለከተ፣ ጎማው «ቀጥታ» ነው እንበለው። ወደ እናንተ ካመለከተ «ግልብጥ» ነው። አናቱን ብቻ እዩ። ቀጥታ የሆነ ጎማ ከፊት ለፊት ሲታይ ጫፉ ወደ ታች ነው፣ ከኋላ ሲታይ ወደ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚምታታው አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ ስለሚያወራ ነው።

የፊቱ ለምን ይገለበጣል?

ብዙ ክራውለር የሚነዳ ሰው የኋላውን ቀጥታ፣ የፊቱን ግልብጥ ያደርጋል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ልማድ ብቻ መሰለኝ። ሳስበው ግን ምክንያት አለው።

ጎማው ቀጥታ ሲሆን ጫፉ መሬት ቀድሞ ይነካል። ክንፎቹ ተከትለው ጭቃውን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ትራክተር የሚፈልገው ይህን ነው። ድንጋይ ላይ ግን የሚጸዳ ጭቃ የለም። የሚፈለገው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ጥርስ ነው። ጎማው ሲገለበጥ ቀድመው የሚደርሱት የክንፎቹ ዳሮች፣ ማለትም የትከሻ ጥርሶቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወፍራምና ጠንካራ ናቸው። የፊት ጎማ የቆመ ድንጋይ ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ጥርስ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ክብደት ነው። ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ዳገት ስትወጡ ክብደቱ ወደ ኋላ ይተኛል፤ ሥራውን የሚሠራው የኋላ ጎማ ነው። ቁልቁል ስትወርዱ ክብደቱ ፊት ላይ ይወድቃል። ጋዙን ስትለቁ ደግሞ ሞተሩ መኪናዋን ይይዛታል። በዚያ ሰዓት መሬቱ የፊት ጎማውን የሚገፋው ዳገት ላይ ከሚገፋው በተቃራኒ ነው፤ በማርሽ ኋላ እንደምትሄድ ማለት ነው። እንግዲህ የተገለበጠ የፊት ጎማ ቁልቁለት ላይ ቀጥታ ሆኖ ይሠራል። እያንዳንዱ ጥንድ ጭነቱ በሚበዛበት ሰዓት ወደ ትክክለኛው ጎን ተመለሰ ማለት ነው። ከድንጋይ ላይ በማርሽ ኋላ ስትወርዱም ልዩነቱ ይሰማችኋል።

ይህ ግን ሕግ አይደለም። ጭቃና ልቅ አፈር ከሆነ የምትነዱበት፣ አራቱንም ቀጥታ አድርጉ።

ለመሞከር ጎማውን ከቸርኬው ማውጣት አያስፈልግም። የፊት ግራውን ጎማ ከነቸርኬው ፈትታችሁ በቀኝ እሰሩት፤ የቀኙን በግራ። ቸርኬው በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁለቱም ጎማዎች በአንዴ ይገለበጣሉ። ሁለት ዳዶ ብቻ ነው የምትፈቱት። ቸርኬው የሚገጥምበት ባለ ስድስት ጎን መያዣ (ሄክስ) 12 ሚሊ ሜትር በሆነባቸው መኪኖች ላይ ዳዶው በብዛት ኤም4 ነው፤ 7 ቁጥር ቁልፍ ይዞ መውጣት ይበቃል። ፋብሪካው በሙጫ ያጣበቀው ጎማም በዚህ መንገድ ይገለበጣል።

ቸርኬው ላይ መግጠም

አዲስ ጎማ የምትገጥሙ ከሆነ ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። አራት ጎማ፣ አራት ቸርኬ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ትገጥማላችሁ። ከዚያ መኪናዋ ላይ ስታስሩ ግራዎቹ ቀጥታ፣ ቀኞቹ ግልብጥ ሆነው ያርፋሉ። እኔ እንዲህ አድርጌ ሦስት ሳምንት ነድቻለሁ። መኪናዋ ዳገት ላይ ወደ አንድ ጎን እየሳበች አስቸገረችኝ። መሪውን የሚያዞረውን ትንሽ ሞተር፣ ሰርቮውን፣ ለወጥኩ። የመሪውን ዘንግ ፈትቼ አስተካከልኩ። አንድ ቅዳሜ ውሃ ልጠጣ ቁጭ ብዬ ከኋላዋ ሳያት ነው የቀኙና የግራው ቀስት ተቃራኒ መሆኑ የታየኝ።

ስለዚህ ከመግጠማችሁ በፊት አራቱን ጎማ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ሁለቱን ጫፋቸው ወደ ግራ፣ ሁለቱን ወደ ቀኝ አድርጉ። በየጎማው የውስጥ ጎን፣ ከመኪናዋ ሥር በሚውለው በኩል፣ በነጭ የቀለም ማርከር ትንሽ ቀስት ሥሩ። ይህን ምልክት ኋላ ደጋግማችሁ ትፈልጉታላችሁ።

ጎማውን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት። ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ ቅባት ነገር ይቀራል፤ የመጀመሪያ ቀን የሚያንሸራትተው እሱ ሊሆን ይችላል። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ጎማውን ከውስጥ የሚደግፈውን ስፖንጅ ከትታችሁ በጣት ዙሪያውን ዳስሱ። የታጠፈ ቦታ ካለ አሁኑኑ አቃኑት፤ አለዚያ ጎማው ሲዞር እንደ እብጠት ይሰማል።

ቢድሎክ የሚባለው ቸርኬ ሙጫ አይፈልግም። የጎማውን የውስጥ ከንፈር በቀለበት ጨምቆ በትንንሽ ብሎኖች ያስራል። ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርጋችሁ አስገቡ። ከዚያ አንዱን ካጠበቃችሁ ቀጥሎ ያለውን ሳይሆን ማዶውን አጥብቁ፤ እንደ ትልቅ መኪና ጎማ ማለት ነው። በተርታ ካጠበቃችሁ ቀለበቱ ያዘነብላል፣ የጎማው ከንፈርም በአንድ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ቸርኬው አሉሚኒየም ከሆነ የብሎን ማያዣ ፈሳሽ ትንሽ ጠብ አድርጉ። ፕላስቲክ ከሆነ ፈሳሹን አታስነኩት፤ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

ጎማው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። ብዙ ቸርኬ ቀዳዳ አለው። ከሌለው ጎማው ላይ መሃል ለመሃል፣ በጥርሶች መካከል፣ ትይዩ ሁለት ቀዳዳ በ3 ሚሊ ሜትር መብሻ ብሱ። ወንዝ ውስጥ ከገባችሁ በዚያው ውሃ ይገባል፤ ስፖንጁም ይጠጣዋል። ቤት ስትገቡ ጨምቃችሁ አድርቁ።

ከመቁረጥ በፊት ለኩ

ከቆረጣችሁ በኋላ «የተሻለ ይመስለኛል» ማለት አይጠቅምም። ዓይን የሠራውን ሥራ ይወዳል። እኔ ጓሮ ውስጥ አንድ የተጠረበ ድንጋይ አለኝ፣ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የወለል ንጣፍ። አንዱን ጫፍ በጡብ ከፍ አደርጋለሁ። መኪናዋን እግሩ ላይ አቆምና ቀስ ብዬ ጋዝ እሰጣለሁ። ከወጣች ጡብ እጨምራለሁ። መንሸራተት ስትጀምር ስልኬን ድንጋዩ ላይ አጋድሜ ዲግሪውን እጽፋለሁ። ለስልክ ውሃ ልክ የሚለካ አፕ ይገኛል።

ይህን ሦስት ጊዜ አድርጉ። ቀጥሎ በጎን በኩል አቁሟትና መቼ እንደምትንሸራተት ለኩ፤ የጎን መያዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚያ ድንጋዩን በውሃ አርሱና ድገሙት። የፊቱን ገልብጡና እንደገና ለኩ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ አቅጣጫው ብቻ ተስተካክሎ መኪናዋ የምትፈለገውን ያህል ወጥታለችና። እናንተም እዚህ ከቆማችሁ ጥሩ ነው፤ ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ነው።

ቁረጡ

ለምን ይቆረጣል? ትልቅ መኪና ክብደቱ ራሱ ጥርሱን አጥፎ ድንጋዩ ላይ ያስተኛዋል። የእኛ መኪና 3 ኪሎ ገደማ ብትሆን ነው። ጥርሱ እንደ እንጨት ቆሞ ድንጋዩን በጫፉ ብቻ ይነካል። ሲሰነጠቅ ይላላል፣ ይተኛል፣ አዲስ ጠርዝም ያገኛል። በሌላ በኩል ደረቅና ልሙጥ ድንጋይ ላይ የሚይዘው የለሰለሰ ላስቲክ ስፋት ነው። ላስቲክ ቆርጣችሁ ከጣላችሁ የሚነካው ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ ደረቅ ልሙጥ ድንጋይ ላይ የሚነዳ ሰው ይሰንጥቅ እንጂ አይጣል። እርጥብ ድንጋይና ልቅ ጠጠር ላይ የሚነዳ ቦይ ይክፈት።

ሌላም አለ። ጎማው እንደ ማስቲካ የለሰለሰ ከሆነ በጣም ጥቂት ቁረጡ፣ ወይም ተዉት። ይበልጥ ከላላ ጥርሱ ይታጠፍና በጎኑ ይንሸራተታል። መቁረጥ የሚጠቅመው ጠንከር ያለ ጎማ ላይ ነው።

የሚያስፈልገው ቀጭን ሹል ቢላዋ፣ ብዙ መለዋወጫ ስለት፣ ጠፍጣፋ አፍ ያለው ትንሽ የሽቦ መቁረጫ፣ ነጭ ማርከር፣ ማስመሪያ፣ ፕላስተር፣ የሳሙና ውሃ፣ ስለት የማይበሳው ጓንት። እና የሊጥ መዳመጫ። መዳመጫው ቀልድ አይደለም። የ1.9 ጎማ ቀዳዳ ላይ ገጥሞ ስለሚወጥረው ጥርሶቹ ይራራቃሉ፣ ቢላዋውም ከስሩ ጠንካራ ነገር ያገኛል። ጎማ በእጅ ይዞ መቁረጥ ጣት ያስቆርጣል። ቤት ያለውን አትውሰዱ፤ ርካሽ ግዙ።

የምትጀምሩት በፊቱ ጥንድ ብቻ ነው። የጥርሱን ቁመት ለኩ። የእኔ 5 ሚሊ ሜትር ነበር። የመጀመሪያ ስንጥቅ ከግማሽ አይለፍ። ስለቱ ላይ ፕላስተር ጠቅልሉና 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ከጫፉ ተዉ። ፕላስተሩ ጥርሱን ሲነካ ትቆማላችሁ። በዓይን ግምት የሚቆርጥ ሰው አምስተኛው ጥርስ ላይ ሥሩ ድረስ ይገባል፤ ሥሩ የተነካ ጥርስ ደግሞ ድንጋይ ላይ ይነቀላል።

ከመቁረጣችሁ በፊት በማርከር ዙሪያውን ሁሉ ምልክት አድርጉ። ጎማውን አዙሩና ሙሉውን እዩት። ከተዛባ ማርከሩ ይጠፋል።

ስለቱን የሳሙና ውሃ ውስጥ ንከሩ። ለስላሳ ላስቲክ ደረቅ ስለት ይዞ ይጎትታል፤ ስንጥቁም እንደ ማዕበል ይሄዳል። እርጥብ ስለት ግን እንደ ቅቤ ይገባል። ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና በአንድ ጊዜ ሳቡ። መጋዝ አታድርጉት። ለእያንዳንዱ ጎማ አዲስ ስለት፤ ከደነዘ ከዚያም በፊት።

የስንጥቁ አቅጣጫ ምን እንደሚሰጣችሁ እወቁ። ከመኪናዋ ጉዞ ጋር የሚያቋርጥ ስንጥቅ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሄደው፣ ለመውጣትና ለመውረድ ጠርዝ ይሰጣል። ከጉዞው ጋር አብሮ የሚሄድ ስንጥቅ ደግሞ ለጎን መያዝ ነው። እኔ መሃል ያሉትን ትልልቅ ጥርሶች አንድ አንድ የሚያቋርጥ ስንጥቅ እሰጣቸዋለሁ። ትከሻ ላይ ያሉትን አንድ አንድ አብሮ የሚሄድ። መጀመሪያ ከዚህ በላይ አልሄድም።

ቦይ መክፈት ስንጥቅ ሁለት ጊዜ ማድረግ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ሁለት ትይዩ ስንጥቆች፣ ከዚያ መሃል ያለውን ቁራጭ በጠፍጣፋው መቁረጫ ነቅሎ ማውጣት። የሚሽከረከር ኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚጠቀምም አለ። ይሠራል፤ ግን የሚቃጠል ላስቲክ ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ከቤት ውጭ፣ ጭንብልና መነጽር አድርጋችሁ ይሁን።

ሙሉ ጥርስ መጣል የመጨረሻው ነው። ሰዎች የትከሻ ጥርሶችን አንድ ዘልለው አንድ ይጥላሉ። ቀሪዎቹ መሃል ሰፊ ክፍተት ስለሚፈጠር የድንጋይ ጠርዝ እዚያ ይገባል፣ ጎማውም እንደ መሰላል ይወጣል። መጀመሪያ የጠቀስኳቸው አራት ጎማዎች የሞቱት እዚህ ነው። በአንድ ማታ አራቱንም እንዲህ አደረግኩ። ዳገት ላይ አልከፋም ነበር። በጎን ስትሄድ ግን ጎማው ከሥሯ ይታጠፍና መኪናዋ ትገለበጣለች፤ የትከሻው ጥርስ ለካ ጎኑንም ደግፎ ይዞት ነበር። ስለዚህ ብትጥሉ የፊቱን ጥንድ ብቻ። የኋላው ክብደት ተሸካሚ ነው፣ ጥርስ አይጣልለት። የጎማውን ጎን፣ ቀጭኑን ክፍል፣ በስለት አትንኩት። እሱ ከተቀደደ አይጠገንም።

ከቆረጣችሁ በኋላ

የተቆረጠ ጎማ ይለሰልሳል። ከላይ በአውራ ጣት ጫን በሉት። ጣታችሁ ቸርኬውን እስኪያገኝ ከተኛ ስፖንጁ በጣም ለስልሷል ማለት ነው፤ ጠንከር ያለ ያስፈልጋል። ውስጡ ጠንካራ፣ ውጪው ለስላሳ የሆነ ባለ ሁለት ንብርብር ስፖንጅ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ላዩ ድንጋዩን ያቅፋል፣ ውስጡ በጎን ሲሄድ ይሸከማል።

ሁለቱን የፊት ጎማዎች መልሳችሁ እሰሩ፤ በነጭ ማርከር የሣላችሁትን ቀስት እዩ። ወደዚያው የወለል ንጣፍ ተመለሱና በዚያው ጡብ፣ በዚያው ስልክ ለኩ። ከዚያ እውነተኛ ድንጋይ ላይ ሁለት ቅዳሜ ንዱ። በየቀኑ መጨረሻ ጎማውን እጠቡና የስንጥቆቹን ታች በመብራት ተመልከቱ። ስንጥቁ ካቆማችሁበት አልፎ ከወረደ ጥልቀቱ በዝቷል፤ የኋላዎቹን ስትቆርጡ ፕላስተሩን ወደ 2 ሚሊ ሜትር አውርዱት። ካልወረደና ዲግሪው ከጨመረ፣ የኋላ ጎማዎቹን የዚያን ጊዜ ለመቁረጥ አውጡ።